ሁለት ጊዜ የጣልኩት መጽሐፍ

የአንድ ረጅም ተከታታይ ልብ ወለድ የመጀመሪያ ቅጽ አለ፤ ሦስት ጊዜ ጀምሬዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ ጥዬዋለሁ። በሦስተኛው ግን እስከ 14ኛው ቅጽ ሄድኩ፤ አሁን ሁለተኛ ዙር ላይ ነኝ። ይህን የምጽፈው ወፍራም የፋንታሲ፣ ማለትም የአስማትና የምናብ ዓለም፣ መጽሐፍ ይዘው፣ ዕልባቱ 60ኛው ገጽ ላይ እንደተሰካ አቧራ ለሚጠጣባቸው ሰዎች ነው። «እኔ ለእንዲህ ዓይነት ነገር አልተፈጠርኩም» ብላችሁ ከሆነ እኔም ብዬ ነበር።

ተከታታዩ የሮበርት ጆርዳን «ዘ ዊል ኦቭ ታይም» ነው፤ «የጊዜ መንኮራኩር» እንደማለት። የመጀመሪያው ቅጽ «ዘ አይ ኦቭ ዘ ወርልድ» በ1990 ወጣ፣ የመጨረሻው በ2013። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) ዋናዎቹ 14 ቅጾች ናቸው፤ ከእነሱ ሌላ አንድ ቀጠን ያለ አለ። ሁሉም ሲደመሩ ከአራት ሚሊዮን ቃላት በላይ ይሆናሉ። ይህን የምነግራችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም። እኔ ይህን ስላላወቅኩ ነው እንደ አንድ መጽሐፍ በሳምንት ልጨርሰው ስሮጥ የተሰናከልኩት።

የመጀመሪያው ሙከራዬ እንዲህ ነበር። መቅድሙን ከፈትኩ። አንድ አእምሮው የተነካ ሰው በፈራረሰ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሚስቱን በስሟ እየጠራ ይንከራተታል። ሰውየው ረጅም ስም አለው፤ ረጅም ማዕረግም አለው። ሌላ ሰው ይመጣል፤ እሱም ስም አለው፣ ሰውየውን የሚጠራበት ሌላ ስምም አለው። እኔ ደግሞ ያልገባኝን ቃል ሳላጣራ ማለፍ እንደ ነውር የማይ ሰው ነኝ። ስለዚህ በየመስመሩ እየቆምኩ መጽሐፉ ጀርባ ወዳለው የቃላት መፍቻ እሄዳለሁ፣ ከዚያ ወደ ካርታው፣ ከዚያ ተመልሼ ወደ መቅድሙ። ጣቴ ሦስት ቦታ ተሰክቷል። እንዲህ እየተንገታገትኩ አራተኛው ምዕራፍ ደረስኩና ተውኩት። በዚያን ሰዓት ብትጠይቁኝ፣ የአሥራ አምስት ቦታ ስም ልነግራችሁ እችል ነበር፤ ስለ አንድ ሰው ግን ልነግራችሁ አልችልም።

ምን እንዳመለጠኝ ያወቅኩት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ሰውየው የሚጠራት ሚስቱ እዚያው ወለሉ ላይ ሞታ ተጋድማለች። ተሻግሯት ያልፋል። የገደላትም እሱ ነው፤ አብዶ ነው፣ አያውቅም። ይህ ሁሉ በጥቂት ገጾች ውስጥ፣ በግልጽ ተጽፏል። እኔ ግን በዚያች ቅጽበት የቃላት መፍቻው ውስጥ ነበርኩ።

ሁለተኛው ሙከራ አጭር ነው። ከዓመት በኋላ መቅድሙን ዘልዬ ጀመርኩ (አታድርጉት)፤ በፍጥነትም ሄድኩ። ገጸ ባሕርያቱ መንደራቸውን ለቀው መንገድ ሲጀምሩ ደስ እያለኝ ነበር። ከዚያ አንድ ስም ጠፋብኝ፤ ማን ነበር ይህ ሰው? ስልኬን አንስቼ ስሙን ጻፍኩ። ገና ሳልከፍተው፣ የመጀመሪያው የፍለጋ ውጤት ሥር ያለችው አንድ መስመር ሰውየው በመጨረሻዎቹ ቅጾች ምን እንደሚሆን ነገረችኝ። ስልኩን ዘጋሁ፣ መጽሐፉንም ዘጋሁ። ተናድጄ ነበር፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም።

ሦስተኛው የመጣው በሥራ ምክንያት ነው። ለጥቂት ወራት የሌሊት ተረኛ ነበርኩ፤ ስልክ መጠበቅ ነው ሥራው፣ ስልኩም አብዛኛውን ሌሊት አይደውልም። አብረውኝ የሚያድሩት ሰው ጡረታቸው የቀረበ፣ ብዙ የማያወሩ ሰው ናቸው። አንድ ሌሊት ከቦርሳቸው ያወጡትን መጽሐፍ ሳይ ሽፋኑ ላይ ያለውን የደራሲ ስም አወቅኩት። ስድስተኛው ቅጽ ነበር። ስድስተኛ!

«ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ስም እንዴት ነው የሚይዙት?» አልኳቸው።

«አልይዝም።»

«እንዴት?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «አዲስ ሰፈር ስትገቢ የጎረቤቱን ሁሉ ስም ጠይቀሽ ነው ቤት የምትከራዪው? መጀመሪያ የምታውቂው ሳሉን ነው፣ ውሻውን ነው፣ የበሩን ቀለም ነው። ያ ሰውየ ትያለሽ። ስሙ አንድ ቀን ሲጠሩት ትሰሚያለሽ።»

ይኸው ነው። ሌላ ምክር አልሰጡኝም፤ ወደ መጽሐፋቸው ተመለሱ። እኔ ግን ቤቴ ስገባ ያንን ቅጽ ከተቀበረበት አወጣሁት።

በዚህኛው ዙር የገባኝ፣ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አንባቢው እንግዳ ሆኖ እንዲገባ ታስቦ የተጻፈ መሆኑ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ራንድ የእረኛ ልጅ ነው፤ ከመንደሩ ወጥቶ አያውቅም። ስለ ዓለሙ የማናውቀውን እሱም አያውቅም፤ እኛ ግር ሲለን እሱንም ግር ብሎታል። ደራሲው የሚያስፈልገንን ነገር ጊዜው ሲደርስ ይነግረናል፤ የማያስፈልገንን ደግሞ እንደ መንገድ ዳር ዛፍ ያሳልፈዋል። ስለዚህ አንድ ስም ካልገባችሁ እለፉት። አስፈላጊ ከሆነ ተመልሶ ይመጣል። ሦስት ጊዜ ከመጣ ያኔ ያዙት።

የምይዝበትን ደብተር አሳያችሁ። አንድ ተራ ደብተር ነው፤ ለአንድ ሰው አንድ ገጽ። ሥልጣን፣ ዘር፣ አገር አልጽፍም። አንድ ምልክት ብቻ ነው የምጽፈው፦ ያ ሰው ሲመጣ የሚያደርገውን ነገር። «ፔሪን፦ አንጥረኛ፣ ቀስ ብሎ የሚያስብ።» «ሎያል፦ የኮት ኪሱ ሁሉ መጽሐፍ።» ሎያል ሰው አይደለም፤ ኦጊየር ከሚባሉት ከግዙፎቹ ዘር ነው፤ ዕድሜው 90 ሲሆን በእነሱ ዘንድ ገና ችኩል ጎረምሳ ነው። እሱን ካላፈቀራችሁት አላውቅላችሁም።

ደብተሩ ላይ ያደረግኩት ሌላ ነገር ስሞቹን በፊደል መጻፍ ነው። ይህን ያደረግኩት ለጨዋታ ነበር፤ ኋላ ግን ከሁሉም የጠቀመኝ እሱ ሆነ። መጽሐፉን የማነበው በእንግሊዝኛ ነው፤ የተፈጠሩ ስሞች ደግሞ በእንግሊዝኛ አጻጻፋቸው ዓይን ላይ ይንሸራተታሉ እንጂ ጆሮ አይገቡም። በአማርኛ ስጽፋቸው ድምፅ አገኙ። የቃላት መፍቻው ከየስሙ አጠገብ አነባበቡን ይሰጣል፤ መፍቻው በእውነት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። እንግሊዝኛው በብዙ ፊደል ተጨንቆ የሚገልጸውን የአንዲት ሴት ስም መነሻ እኛ በአንድ ፊደል እንጨርሰዋለን፦ ሟሬን። ሌላዋ ኤጔን ናት። ሟ እና ጔ ለዚህ የተቀመጡ ይመስል! ራሴን ያሳቅኩበትም አለ። ከዋናዎቹ ሴቶች አንዷን አንድ ሙሉ ቅጽ «ኒናቬ» እያልኩ አንብቤ፣ መፍቻውን ሳይ «ናይኒቭ» ሆና ተገኘች። ሰርዤ ጻፍኩት፤ በሐሳቤ ግን እስከ ዛሬ ኒናቬ ናት።

ስማቸው የሚመሳሰል ሰዎች ላይም ፊደል ያግዛል። ኤጔን፣ ኢሌን፣ ኤላይዳ የሚባሉ ሦስት ሴቶች አሉ፤ በላቲኑ ሦስቱም በአንድ ፊደል ነው የሚጀምሩት። የደብተሬ ገጾች እንዲህ ይላሉ፦ «ኤጔን፦ መማር የማይጠግባት።» «ኢሌን፦ አገጯን ቀና አድርጋ የምትናገር።» «ኤላይዳ፦ ተጠንቀቂ።»

አሁን ፍቅር የያዘኝን ቦታ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ሁለቱንም ጊዜ እዚያ ቦታ ላይ አልነበርኩም። በመጀመሪያው ሙከራ ከእሱ በፊት ቆምኩ፤ በሁለተኛው እየሮጥኩ አለፍኩት። ዘጠነኛው ምዕራፍ ነው።

መንደሩ በሌሊት ተጠቅቷል፤ ቤቶች ተቃጥለዋል። ሟሬን የምትባለዋ እንግዳ ሴት ሌሊቱን ቁስለኞች ስታክም አድራለች። ጥቂት የመንደሩ ሰዎች ግን ተሰብስበው መጡ፤ ይህን መዓት ያመጣሽብን አንቺ ነሽ፣ ውጪልን ይሏታል። መቆጣት ትችል ነበር፤ ኃይል አላት። እሷ ግን ታሪክ ነገረቻቸው። በጥንት ዘመን በዚሁ መሬት ላይ ማኔትሬን የሚባል አገር ነበር አለች። ንጉሡ ኤሞን ይባላል። ጠላት ከሁሉም አቅጣጫ ሲመጣ የዚያ አገር ሰዎች ወንዙን ይዘው ቆሙ፤ ይመጣል የተባለው ረዳት ጦር ቀረ፤ አፈገፈጉ፣ ግን አልሸሹም። ንጉሡ የወደቀው እዚህ ቦታ ላይ ነው። የቀሩት ልጆች ኋላ ተመልሰው እርሻቸውን አረሱ፣ ቤታቸውን ሠሩ። ዘመን አለፈ፣ ታሪኩ ተረሳ። የመንደሩ ስም ብቻ ቀረ፤ «ኤሞንድስ ፊልድ» ይባላል፤ ኤሞን የወደቀበት ሜዳ ማለት ነው። በየቀኑ የሚጠሩት ስም ነው፤ ምን ማለት እንደሆነ አንዳቸውም አያውቁም ነበር።

ሰዎቹ አንድ ቃል ሳይናገሩ፣ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ አንድ በአንድ ሄዱ።

ሌሊት 9 ሰዓት አካባቢ ነበር። መጽሐፉን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ዝም አልኩ። ካርታው ላይ ያየሁት፣ በመጀመሪያው ሙከራ በጣቴ የፈለግኩት የመንደር ስም በውስጡ የሞተ ንጉሥ ይዞ ኖሯል። ከዚያች ሌሊት በኋላ እያንዳንዱ የቦታ ስም እንዲሁ ከሥሩ የሆነ ነገር እንዳለው እየጠረጠርኩ ማንበብ ጀመርኩ፤ ብዙ ጊዜም አለው። አራተኛው ቅጽ ላይ ይህ የማኔትሬን ነገር ሲመለስ የሆንኩትን አልነግራችሁም፤ እናንተው ትደርሱበታላችሁ።

ሌላው የያዘኝ የአስማቱ ሕግ ነው። በዚህ ዓለም ውስጥ ኃይሉ ሁለት ገጽ አለው፤ አንዱን ሴቶች፣ ሌላውን ወንዶች ይነኩታል። የወንዶቹ ግማሽ ከጥንት ተበክሏል፤ የነካው ወንድ ሁሉ ውሎ አድሮ ያብዳል። ጀግናው ደግሞ ወንድ ነው። ዓለምን ለማዳን የሚጠቀምበት ነገር እሱኑ የሚያሳብደው ነው፤ መቅድሙ ላይ ሚስቱን እየጠራ የሚንከራተተው ሰው የት እንደሚያደርስ አሳይቶናል። ጆርዳን በቬትናም ጦርነት የሄሊኮፕተር ተኳሽ ሆኖ ሁለት ዙር ያገለገለ ሰው ነው፤ ኋላ ፊዚክስ ተማረ። ሰው የገደለ ሰው በውስጡ ምን ተሸክሞ እንደሚዞር ሲጽፍ ከመጽሐፍ የቀዳው አይመስልም።

ስለ ታሪክ ማበላሸት ላንሳ፤ እኛ ስፖይለር ስለምንለው። ያኔ ስልኬ ላይ ባየኋት መስመር የተነገረኝ ነገር በመጨረሻ ደረሰ። አለቀስኩ። መሆኑን እያወቅኩ፣ ከአሥር ቅጽ በላይ ስጠብቀው ቆይቼ አለቀስኩ። በ2011 የወጣ አንድ የሥነ ልቦና ጥናት ሰዎች መጨረሻውን አስቀድመው ያወቁትን ታሪክ ይበልጥ እንደወደዱት ይናገራል። ጥናቱ የተሠራው ግን በአጫጭር ልብ ወለዶች ላይ ነው፤ የአንድ ሰዓት ንባብ እና የአንድ ዓመት ንባብ አንድ አይደሉም። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ስም ሲጠፋባችሁ በይነ መረብ ላይ አትፈልጉ። በእጃችሁ ባለው ቅጽ ጀርባ ያለውን መፍቻ ብቻ ተመልከቱ። ከተነገራችሁ ደግሞ መጽሐፉን አትጣሉ፤ እኔ ሁለት ዓመት ያጣሁት በመስመሯ ሳይሆን በመናደዴ ነው።

ቅደም ተከተሉ ብዙ ሰው ያወዛግባል። እኔ የምለው አንድ ነው፦ በታተሙበት ቅደም ተከተል አንብቡ። ቅድም ቀጠን ያለ ያልኩት ቅጽ «ኒው ስፕሪንግ» ይባላል፤ ታሪኩ ከሁሉም ይቀድማል፤ የታተመው ግን በ2004፣ ከአሥረኛው በኋላ ነው። የሟሬንን ወጣትነት ነው የሚተርከው፤ እሷን ሳታውቋት ብታነቡት የማታውቁትን ሰው የልጅነት ፎቶ እንደማየት ነው። የሲ ኤስ ሉዊስ የልጆች ተከታታይ፣ የናርኒያ መጽሐፎችም ተመሳሳይ ጣጣ አለባቸው፤ በ1955 ስድስተኛ ሆኖ የወጣው ኋላ ላይ በታሪኩ ዘመን ተቆጥሮ አንደኛ ተብሎ ተሰየመ። አንደኛ የሚል ቁጥር ያለበት ሁሉ መጀመሪያ የሚነበብ አይደለም።

ወደ አስቸጋሪው እንሂድ። ከስምንተኛው እስከ አሥረኛው ቅጽ ያለው መንገድ ይጎትታል። አንባቢዎቹ ራሳቸው ያውቁታል፤ ስም ሁሉ አውጥተውለታል፤ በጭቃ ውስጥ እንደመሄድ ያለ ማለት ነው። ዘጠነኛው ቅጽ ከተከታታዩ ትልልቅ ድርጊቶች በአንዱ ይዘጋል፤ ልባችሁ ተንጠልጥሎ አሥረኛውን ስትከፍቱ፣ አብዛኛው መጽሐፍ ያ ድርጊት ሲፈጸም ሌሎቹ የት ምን ይሠሩ እንደነበር ይተርካል። ቀሚስ ይገለጻል። የቀሚሱ ጥልፍ ይገለጻል። ናይኒቭ ሹሩባዋን ትጎትታለች፤ ስትቆጣ የምታደርገው ነው፤ ሁልጊዜም ትቆጣለች።

እኔ ይህን ክፍል ያለፍኩት በጆሮ ነው። ድምፅ መጽሐፉ ማይክል ክሬመር እና ኬት ሪዲንግ በሚባሉ ሁለት ሰዎች ተነቧል፤ በትዳርም ባልና ሚስት ናቸው። በሴት ዓይን የተጻፉትን ምዕራፎች እሷ፣ በወንድ ዓይን የተጻፉትን እሱ ያነባል። ልብስ እያጠብኩ፣ እየተኮስኩ አሥረኛውን ጨረስኩት። ዓይን የሚሰለቸውን ጆሮ ይታገሣል። ደግሞም አስቡት፤ በወቅቱ የነበሩት አንባቢዎች ዘጠነኛውን በ2000 አንብበው አሥረኛውን እስከ 2003 ጠበቁ፤ ያን ሁሉ ጠብቀው ያገኙት ቀሚስ ነው። እኛ በሚቀጥለው ቀን 11ኛውን እንከፍታለን። ዘልለው ያለፉ ሰዎች አውቃለሁ፤ አልፈርድባቸውም፤ ግን ከዘለላችሁ ቢያንስ የምዕራፎቹን ማጠቃለያ እዩ፤ ከትንንሾቹ ነገሮች ጥቂቶቹ ኋላ ይፈለጋሉ።

ገጸ ባሕርይ የምትጠሉ ከሆነም አትቸኩሉ። ማት የሚባለውን ልጅ ሁለት ቅጽ ሙሉ ላንቀው ነበር ያማረኝ፤ ታሞ ስለነበር ነው፣ ክፉ ነገር ነክቶ። ሦስተኛው ቅጽ ላይ ሲድን እና ታሪኩ በራሱ ዓይን መተረክ ሲጀምር ሌላ ሰው ሆነ፤ አሁን የእሱ ምዕራፍ ሲመጣ ትራሴን አስተካክላለሁ። ናይኒቭም እንዲሁ ናት። ያንን ሁሉ ቁጣ ከፍርሃት የምታመጣው መሆኑን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው፤ አሁን ከሁሉም የምወዳት እሷን ነው።

11ኛውን ሳነብ ዝግ አልኩ። ጆርዳን ራሱ የጨረሰው የመጨረሻው ቅጽ ነው፤ በ2005 ወጣ። ከዚያ በያዘው ብርቅ የደም ሕመም በመስከረም 2007 ሞተ፤ ታሪኩን ሳይጨርስ። ግን መሞቱን እያወቀ ማስታወሻ ትቶ ነበር፤ የመጨረሻውን መጽሐፍ የመዝጊያ ትዕይንት ጭምር ጽፎ። ባለቤቱ ሃሪየት ማክዱጋል የመጽሐፎቹም አርታኢ ናት። አንድ ወጣት ደራሲ ጆርዳን ሲሞት የጻፈውን የስንብት ጽሑፍ አነበበች፤ እሱ ከጻፋቸው መጽሐፎችም አንዱን አነበበች፤ እሱን መረጠች። ብራንደን ሳንደርሰን ነው፤ በጉርምስናው የዚህ ተከታታይ አንባቢ የነበረ። አንድ መጽሐፍ ይሆናል የተባለው ሦስት ሆነ፤ በ2009፣ በ2010 እና በ2013 ወጡ።

12ኛውን ስትከፍቱ እጁ መለወጡ ይታወቃችኋል። ዐረፍተ ነገሩ ያጥራል፣ ነገሩ ይፈጥናል። ማት ላይ በጣም ይታወቃል፤ ቀልዱ የእሱ ቀልድ አይደለም፤ ሳንደርሰን ራሱ መጀመሪያ ላይ ማትን በትክክል እንዳልያዘው ተናግሯል። እኔ ለሁለት ምዕራፍ ያህል ቅር ብሎኝ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር አሰብኩ፦ እዚህ ገጽ ላይ ያለው ሰው እኔ ነኝ ማለት ነው፤ ማለቴ እንደኔ አንባቢ የነበረ ሰው፣ ደራሲው ሲሞት እንደሌሎቻችን ባዶ እጁን የቀረ፣ ኋላ ግን ብዕሩ የተሰጠው። ቅሬታዬ ለቀቀኝ።

ለመጨረሻው ቅጽ አንድ ተግባራዊ ማስጠንቀቂያ አለኝ። «የመጨረሻው ጦርነት» የሚል ምዕራፍ አለ፤ ምዕራፉ ብቻውን አንድ ልብ ወለድ ያክላል። በሥራ ቀን፣ በምሽት፣ «አንዲት ምዕራፍ አንብቤ ልተኛ» ብላችሁ አትጀምሩት። እኔ ጀምሬው በማግሥቱ ሥራ ላይ ዓይኔ እንደ በርበሬ ቀልቶ ዋልኩ። ጋሼ አይተውኝ፣ «37ኛው?» አሉኝ። ቁጥሩን በቃል ያውቁታል።

ሲያልቅ የሚመጣውን ባዶነት ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም። ለሳምንታት ሌላ መጽሐፍ ስጀምር እንግዳ ሰው ቤቴ የገባ ይመስለኝ ነበር። የሚሻለው ቶሎ ሌላ ረጅም ተከታታይ አለመጀመር ነው፤ አጭር፣ ከዚህ በጣም የተለየ ነገር አንብቡ። እኔን ያወጣኝ የኧርሱላ ለጉዊን የ1968ቱ «ኤ ዊዛርድ ኦቭ ኧርዝሲ» ነው፤ ቀጭን ነው፣ አንድ ቃል ትርፍ የለውም። ከ14 ቅጽ በኋላ እሱን ማንበብ ከገበያ ወጥቶ ጸጥ ያለ ክፍል እንደመግባት ነበር። እንዲያውም ውፍረት የሚያስፈራችሁ ከሆነ ከእሱ ጀምሩ፤ ፋንታሲን ለመውደድ 14 ቅጽ ግዴታ አይደለም። ወዳልተጠናቀቀ ተከታታይ ግን በመጀመሪያ ፍቅራችሁ አትግቡ። የጆርጅ አር አር ማርቲንን «ኤ ሶንግ ኦቭ አይስ ኤንድ ፋየር» በ1996 የጀመሩ ሰዎች አምስተኛውን በ2011 አንብበው ስድስተኛውን ዛሬም ይጠብቃሉ። እኔ ያን ያህል ትዕግሥት የለኝም።

የቀረው ሌሎችን መጎትጎት ነው። እዚህ ላይ በጣም ጥፋተኛ ነኝ። የመጀመሪያውን ቅጽ ለብዙ ሰው አዋስኩ፤ በየሳምንቱ «የት ደረስሽ?» እያልኩ ጠየቅኩ፤ ጥያቄዬን ሽሽት ስልክ የማታነሳ ጓደኛ አለችኝ። ከሁሉም በላይ ያስመረርኩት ታናሽ እህቴን ነው። ሁለት ዓመት ነዘነዝኳት። ገጽ አሥር አልደረሰችም።

ከዚያ ከመጽሐፉ የተሠራው ተከታታይ ፊልም በ2021 ወጣ፤ እኔ ሳልነግራት አየችው። ተዋናይቷ ሮዛመንድ ፓይክ ሟሬንን ሆና የተወነችበት ነው። ከመጽሐፉ ብዙ ነገር ስለተቀየረ እኔ እያጉረመረምኩ ነበር ያየሁት፤ እሷ ግን ወደደችው። በ2025፣ ከሦስተኛው ሲዝን በኋላ ተቋረጠ ተባለ። አንድ ምሽት ክፍሌ በር ላይ ቆማ፣

«ታዲያ መጨረሻው የት አለ?» አለችኝ።

የማወራው ነገር ብዙ ነበር። ዋጥኩት። «መደርደሪያው ላይ» አልኩና ወደ ስልኬ ተመለስኩ።

ከሳምንት በኋላ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አዲስ ደብተር አየሁ። ማንበብ አልነበረብኝም፤ አነበብኩት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልልቁ «ኒኔቬ፦ ሁሌ የምትቆጣዋ» ይላል። ቦታው ላይ እንደነበረ አስቀመጥኩት።